ስለ እንግዳው እንግዳ

በመርሐ ቤቴ መንገደኛ ሲመሽበት «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ» ብሎ ደጅ ይጣራል፤ ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባዋል፤ ዋጋም አይጠይቀውም። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ በአዲስ አበባ ሆቴል ባስከፈቱ ጊዜ፥ ለምግብና ለመኝታ መክፈል ለብዙው ሰው ያልተለመደ ነገር ነበረ። ዛሬ ግን ተለምዷል።

ያልተለመደው የእንግዳው እንግዳ ሒሳብ ነው። በዓለም ከተማ መኝታ ተከራይተን ሳለን፥ አንድ ሽማግሌ ዘመዳችን ሊጠይቁን ከገጠር መጡ። ስንጨዋወት መሸ፤ መንገዱም ገደል ነውና አሳደርናቸው። በማግሥቱ ባለቤቱ የሁለተኛ ሰው ሒሳብ በፊታቸው ጠየቀን። ሽማግሌው በጋቢያቸው ጫፍ የቋጠሩትን ብር ሊፈቱ ሲጀምሩ እጅግ አፈርን።

ማስከፈሉ በደል አይደለም፤ ሰው ሲጨመር ውሃውም አንሶላውም ይጨመራልና። በደሉ አስቀድሞ አለመነገሩ ነው። ስለዚህ ባለሆቴሉ ጠይቆ የሚሄደው በነጻ እንዲገባ፥ የሚያድረውም ስንት እንደሚከፈልበት ጽፎ በግድግዳው ላይ ይለጥፍ። ተከራዩም ቁልፉን ሲቀበል ይጠይቅ፤ ዘመድ ያሳደረ እንደ ሆነ፥ እንግዳው ሳያይ ማታውኑ ይክፈል። እንግዳ በሒሳብ ፊት አይቆምምና።