ቍጥራቸው የተወሰነ የሙዚቃ ሸክላዎችና ሰብሳቢዎቻቸው

ፖስት ሜታል የሚባለው ሙዚቃ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ዓመታት፥ በተለይ ኒውሮሲስ በተባለው የኦክላንድ (ካሊፎርኒያ) ቡድን እጅ መልክ የያዘ ነው። ጠባዩም ከባድ ጊታር፥ ዝግተኛ ምትና ረዥም ዜማ ነው። አንዱ ሥራ ብዙ ጊዜ 1 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ የሸክላው አንዱ ገጽ ግን ድምፁ ሳይደክም ከ20 ደቂቃ ብዙም ስለማያልፍ በ2 ሸክላ ይታተማል። አድማጩ በየጊዜው ተነሥቶ መገልበጥ ግድ ይሆንበታል፤ ወዳጆቹም ይህን ድካም እንደ ሥርዓት ይቈጥሩታል እንጂ አያማርሩበትም።

የአሳታሚዎቹ አቅም አነስተኛ በመሆኑ አንድ እትም አንዳንዴ ከጥቂት መቶ ሸክላ አያልፍም፤ ከዚያም ጥቂቱ በተለየ ቀለም ይወጣል። ቀለሙ ዜማውን ባይለውጠውም ሰብሳቢዎች የሚሻሙት እርሱን ነው። አትራፊ ቀድሞ ገዝቶ በእጥፍ ሲሸጠው ሙዚቃውን ከልቡ የሚወድ ድኻ ተማሪ ባዶ እጁን ይቀራል፤ በወዳጆቹ መካከል የሚነሣው ብርቱ ክርክርም ከዚህ የመጣ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ሁለት ገዝቶ አንዱን ያዳምጣል፥ ሌላውን ሳይከፍት ያኖራል።

ያልተከፈተ ሸክላ ለዚህ ሙዚቃ ባዕድ ነገር ይመስላል። ኒውሮሲስ በ1999 ታይምስ ኦቭ ግሬስ የተባለውን ሥራ ሲያወጣ፥ እነዚያው ሙዚቀኞች ትራይብስ ኦቭ ኒውሮት በሚል ስም ግሬስ የተባለ ሌላ ሥራ በዚያው ዓመት አወጡ፤ ሁለቱም በሁለት ማጫወቻ በአንድ ጊዜ እንዲሰሙ የታሰቡ ናቸው። እኩል ለማስነሣትም የሁለት ሰው እጅ ሊረዳ ይችላል።