ትንፋሽ ማጠር፦ እርጅና ነው ወይስ በሽታ?

በዕድሜ የገፉ ወላጆቻችን ዳገት ወጥተው፣ ወይም ከመስጂድ ሲመለሱ ‹‹ትንፋሽ አጠረኝ›› ሲሉን የምንሰጣቸው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ‹‹እርጅና ነው፣ ምን ይደረግ!›› እንላለን። ለመሆኑ ከእርጅና የሚመጣው ምን ያህሉ ነው? ከበሽታ የሚመጣውስ?

ይህንን ለመለየት የሚያገለግለው መሣሪያ ስፓይሮሜትር ይባላል። ተመርማሪው አየር እስከቻለው ድረስ ወደ ውስጥ ይስብና ሳንባው ባዶ እስኪመስለው በኃይል ይተነፍሳል። መሣሪያው ሁለት ነገሮችን ይለካል። አንደኛው በጠቅላላ የወጣው አየር፣ ሁለተኛው በመጀመሪያው ሴኮንድ ብቻ የወጣው ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር ሲነጻጸር በጣም ካነሰ የአየር ቧንቧው ጠቧል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ቁጥሩ ብቻውን ትርጉም የለውም። በጾታ፣ በዕድሜና በቁመት ከሚመስሉን ጤነኞች ልክ ጋር መነጻጸር አለበት። ሲጋራ የማያጨስ ጤነኛ ሰው እንኳ ከወጣትነቱ በኋላ በመጀመሪያው ሴኮንድ ከሚያስወጣው አየር በየዓመቱ በአማካይ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ያጣል። በ30 ዓመት ውስጥ ይህ ወደ አንድ ሊትር ይጠጋል። ስለዚህ የ65 ዓመት አባትን በወጣት ልክ መመዘን ስህተት ነው። ብዙ ቦታ እንደ ድንበር የሚያዘው 70 በመቶም በዕድሜ ለገፉ ሰዎች ጤነኛውን ሕመምተኛ ሊያስመስል ይችላል።

ታዲያ ልኩ የማን ነው? እ.ኤ.አ. በ1993 በአውሮፓ የወጣውና በብዙ አገሮች የተሠራበት መለኪያ ከ18 እስከ 70 ዓመት ላሉ ሰዎች የተዘጋጀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ዓለም አቀፍ መለኪያ እስከ 95 ዓመት ድረስ ቢሄድም ከሰሃራ በታች ካሉ የአፍሪካ አገሮች የገባበት መረጃ እምብዛም ነው። በአገራችን ፕሮፌሰር የዓለምፀሐይ መኮንን ከባልደረባቸው ጋር ሲጋራ በማያጨሱ ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ወንዶችና ሴቶች ላይ ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1985 ታትሟል።

ለአርሲ ደጋ ነዋሪ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጨመራል። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ1969 በታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች አካባቢ የደባርቅ ደገኞች ከአዲ አርቃይ ቆለኞች ሰፋ ያለ ደረትና የተሻለ የሳንባ አቅም ታይቶባቸዋል። ደገኞችም ቢሆኑ ሁሉም አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት በአርሲ ጎረቤት በባሌ ደጋ የሚኖሩ ኦሮሞዎችና በሰሜን የሚኖሩ አማሮች ለከፍታው የተላመዱበት መንገድ እንደሚለያይ አሳይቷል።

ሌላው ብርቱ ጉዳይ ጭስ ነው። ትክክለኛ ልክ የሚወጣው ከጤነኛ ሳንባ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ በኩበትና በእንጨት ጭስ እንጀራ ስትጋግር የኖረችን እናት ‹‹ሲጋራ ስለማታጨስ ጤነኛ ናት›› ብለን የመለኪያ ምሳሌ ብናደርጋት፣ ጭሱ ያደረሰውን ጉዳት ‹‹ጤናማ ልክ›› ብለን መመዝገባችን ነው። ልጇም ነገ በዚያው ልክ ተመዝና ‹‹ደህና ነሽ›› ትባላለች። በውቂያ ጊዜ የስንዴና የገብስ አቧራ ሲስቡ የኖሩ አባቶችም እንዲሁ ናቸው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ወላጅዎን ለምርመራ ሲወስዱ የሚከተሉትን ልብ ይበሉ፦

– ዕድሜን በግምት አይናገሩ። የልደት ዓመቱ ካልታወቀ በዘመኑ ከነበረ ታዋቂ ክስተት ጋር አገናኝተው ያስሉት።

– ቁመት ያለ ጫማ ይለካ። ጀርባቸው ለጎበጠ ሰዎች ሁለቱ ክንዶች ወደ ጎን ተዘርግተው ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ያለው ርቀት ይወሰዳል።

– የጭሱን፣ የአቧራውንና የሲጋራውን ታሪክ ሳይደብቁ ይንገሩ።

– ሳል ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ አስቀድሞ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይደረግ። በቅርቡ የልብ ሕመም ወይም ቀዶ ሕክምና ከነበረ፣ ወይም ደም ያለው አክታ ከታየ ለባለሙያው ይነገር።

– ምርመራው መተንፈስ ብቻ ቢሆንም ብዙ ጊዜ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ተሰጥቶ ይደገማል። ስለዚህ በረመዳን ከሆነ ቀጠሮውን አስቀድመው ከሐኪሙ ጋር ይነጋገሩበት።

በመጨረሻም የውጤቱን ወረቀት ቅጂ ጠይቀው ያስቀምጡ። ለአካባቢያችን አዛውንት የሚስማማ ልክ ተሟልቶ እስኪገኝ ድረስ አንድ ሰው ራሱ ባለፈው ዓመት የነበረው ቁጥር ጥሩ ማነጻጸሪያው ነው። ከዕድሜ ከሚጠበቀው በላይ በፍጥነት ከወረደ ‹‹እርጅና ነው›› ብሎ መተው አይገባም። ምድጃውን የጭስ መውጫ ወዳለው ቦታ ማዛወር ግን ምርመራ አያስጠብቅም፤ ዛሬውኑ ሊጀመር ይችላል።