ጥቂቶች አጥብቀው የሚሹትን ዕቃ መሸጥ
በስልክና በኢንተርኔት ለመነገድ ለምታስቡ ሁሉ



በሐርጌሳ ከተማ በ26 ጁን ወረዳም ሆነ በሌሎች ወረዳዎች የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን ከሚያስጨንቁን ጉዳዮች ዋነኛው የዕለት ገቢ መሆኑ ከማናችንም የተሰወረ አይደለም። ሱቅ ለመክፈት ኪራይ ያስፈልጋል፤ ለኪራዩም ቅድሚያ ክፍያ ይጠየቃል። በዚህም ምክንያት ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ብዙዎቻችን በእጃችን ያለውን ስልክ እንደ ሱቅ መጠቀም ጀምረናል። የዕቃው ፎቶግራፍ በፌስቡክ ወይም በዋትስአፕ ይለጠፋል፤ ገዢው ይደውላል፤ ገንዘቡ በዛድ ወይም በኢ-ዳሃብ ይገባል፤ ዕቃው በእግር ወይም በባጃጅ ይደርሳል።

ነገሩ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ጀምረው ከተዉት ጎረቤቶቻችን እንደተረዳነውና በራሳችንም እንደደረሰው፣ ችግሩ ያለው በስልክ አጠቃቀሙ ላይ ሳይሆን በዕቃ ምርጫው ላይ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ‹‹ምን እንሽጥ? ለማንስ እንሽጥ?›› የሚለውን ጥያቄ ከደረሰብን ተነሥተን ለማስረዳት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ የደረሰብን

እኛ ሦስት ጎረቤታሞች ነን። አንዳችን መምህር፣ አንዷ ልብስ ሰፊ፣ ሌላዋ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት ናት። ገንዘብ አዋጥተን 60 የስልክ ከቨር፣ እያንዳንዱን በ1 ዶላር ከ20 ሳንቲም፣ በጠቅላላው በ72 ዶላር ገዛን። ከዚህ ውስጥ 30 ዶላሩ ያቺ እናት ለልጇ የትምህርት ቤት ክፍያ ያስቀመጠችው ነበር። ከቨር የመረጥነው ‹‹ስልክ የማይዝ ሰው የለም፤ ስለዚህ ሁሉም ይገዛል›› ብለን ነው።

ሁሉም ይገዛዋል ያልነው ዕቃ ሁሉም የሚሸጠው ዕቃ መሆኑን የተረዳነው ቆይተን ነው። በ2 ዶላር ጀመርን፤ ሌላው 1 ዶላር ከ75 ሲል እኛ 1 ዶላር ከ50 ለማለት ተገደድን። ገዢው በስልክ ሲያነጋግረን ቆይቶ፣ መንገድ ላይ ካገኘው ሱቅ ይገዛና ይሄዳል። በሦስት ወር ውስጥ 22 ብቻ ሸጠን 33 ዶላር አገኘን። የቀሩት 38ቱ ሰዎች በተዉት የስልክ ዓይነት ልክ የተሠሩ ስለነበሩ ፈላጊ አጡ። 39 ዶላር ከሰርን፤ የልጁም ክፍያ በጊዜው ሳይከፈል ቀረ። ይህን የምንጽፈው ሌላው ወገናችን በዚያው መንገድ እንዳይሄድ ነው።

ጠባብ ገበያ ማለት ምን ማለት ነው?

ሰፊ ገበያ የምንለው ብዙ ገዢ፣ ግን ከገዢው የማያንስ ሻጭ ያለበትን ነው። እዚያ ውስጥ የሚያሸንፈው ብዙ ገንዘብ ያለውና ዋጋ ሰብሮ የሚቆየው ነው። ጠባብ ገበያ ደግሞ ገዢዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ሆኖም አንድ የተለየ ነገር አጥብቀው ይፈልጋሉ፤ የሚፈልጉትንም በአቅራቢያቸው አያገኙም። አነስተኛ ገንዘብ ላለው ሰው የሚሻለው ይህ ሁለተኛው ነው። ኢንተርኔት የሚጠቅመውም በዚህ ነው። በየሰፈሩ ተበታትነው የሚኖሩ ጥቂት ፈላጊዎች አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ አይገናኙም፤ በስልክ ግን ሊገናኙ ይችላሉ።

ታላላቆቹም የጀመሩት በዚህ መንገድ ነው። ዛሬ ሁሉን የሚሸጠው የአሜሪካው አማዞን እ.ኤ.አ. በ1994 ተቋቁሞ በሐምሌ 1995 ሥራ ሲጀምር የሚሸጠው መጽሐፍ ብቻ ነበር። መጽሐፍ በቀላሉ አይበላሽም፤ በፖስታ ለመላክም ይመቻል። ከሁሉም በላይ የመጻሕፍት ዓይነት እጅግ ብዙ ስለሆነ ማንኛውም መደብር ሁሉንም በመደርደሪያው ሊይዝ አይችልም። በከተማው ያጣውን መጽሐፍ የሚፈልግ አንባቢ ወደ አማዞን ሄደ።

ከአገራችንም ምሳሌ አለ። ወይዘሮ ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ በዘነበወርቅ ሰፈር ‹‹ሶል ሬብልስ›› የተባለውን የጫማ ድርጅት አቋቋሙ። መነሻቸው ሁላችንም የምናውቀው፣ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የሚሠራው በረባሶ ነው። የጎማውን ሶል በእጅ ከተሸመነ ጨርቅ ጋር አዋሕደው፣ በርካሽነቱ ከሚታወቀው የፋብሪካ ጫማ ጋር በዋጋ ከመፎካከር ይልቅ በእጅ የተሠራና ከአሮጌ ዕቃ የተገኘ ጫማ ለሚፈልጉ የውጭ አገር ሰዎች አቀረቡ፤ በኢንተርኔትም ሸጡ። ለእኛ ተራ የነበረው ነገር ለእነዚያ ገዢዎች ብርቅ ነበር።

ፍለጋው በጆሮ ይጀመራል

ከኪሳራው በኋላ ዕቃ መግዛት አቁመን አንድ የተማሪ ደብተር ገዛን። ለአንድ ወር ያህል፣ ሰዎች ‹‹ይህ ነገር የት ይገኛል?›› ብለው በጠየቁ ቁጥር እንጽፍ ነበር። በውኃ መቅጃው፣ በክሊኒክ ወረፋ፣ በዋትስአፕ የሰማነውን ሁሉ መዘገብን። አንዳንዱ ጀበና ይጠይቃል፤ ሌላው ለልጆቹ የፊደል ገበታ ይፈልጋል። በወሩ መጨረሻ ስንቆጥር ግን አንድ ጥያቄ 9 ጊዜ ተጽፎ አገኘን፤ ‹‹የአራስ አጥሚት የሚያዘጋጅ ሰው ታውቃላችሁ?›› የሚል ነበር።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በአገር ቤት ሴት ስትወልድ እናቷ ወይም አማቷ ገብሱንና አጃውን አጥባ፣ ቆልታ፣ አስፈጭታ ለአጥሚቱና ለገንፎው ታዘጋጅላታለች። እዚህ ግን እናት ሩቅ ናት። ባል ቀን ሙሉ ሥራ ፍለጋ ይውላል። አጥሚት እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ አልጠፋም፤ የጠፋው ጊዜና የሚያግዝ እጅ ነው። የምንሸጠው ነገር ይኸው ነው አልን።

አራት መመዘኛዎች

አንድ ሐሳብ ስለመጣልን ብቻ ገንዘብ ማውጣት እንደማይገባ ከከቨሩ ተምረናል። ስለዚህ ሐሳቡን በአራት ጥያቄዎች መዘንነው። እናንተም የራሳችሁን ሐሳብ በእነዚሁ ብትመዝኑ ይጠቅማችኋል።

ሀ) ሰዎች ሳንጠይቃቸው ይጠይቁናል ወይ? ‹‹ብንሸጥላችሁ ትገዙናላችሁ?›› ብለን ስንጠይቅ ጎረቤት ሁሉ ለይሉኝታ ‹‹አዎ›› ይላል። ይህ ማስረጃ አይሆንም። ሰውየው በራሱ ፈልጎ፣ ጠይቆ፣ ያጣው ነገር ግን እውነተኛ ፍላጎት ነው።

ለ) የሚከፍለው ማነው? የሚጠቀመውና የሚከፍለው ሰው ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ከ9ኙ ጠያቂዎች 4ቱ ሐርጌሳ ውስጥ አልነበሩም፤ ጂዳና ሚኒያፖሊስ ሆነው እዚህ ለወለደች እኅታቸው የሚጠይቁ ነበሩ። ገንዘብ መላኩን ያውቁበታል፤ የሚቸግራቸው ገንዘቡን ወደ ትኩስ አጥሚት የሚለውጥላቸው የታመነ ሰው ማግኘቱ ነው።

ሐ) ሌላው በቀላሉ ያቀርበዋል ወይ? ከቨር ማንም በካርቶን ገዝቶ በማግስቱ ይሸጣል። ገብስ ሳያሳርር መቁላት፣ አጃ አጣርቶ ማበጠር ግን ሙያ ነው። ልምዱ በእጃችን ባለ ነገር መጀመር ይሻላል።

መ) ሒሳቡ ያዋጣል ወይ? የእኛን የ1 ኪሎ ሒሳብ እነሆ። ሲበጠርና ሲቆላ የሚቀንሰውን ጨምሮ ለእህሉ 1 ዶላር ከ50፣ ለከሰል 30 ሳንቲም፣ ለወፍጮ 20 ሳንቲም፣ ለከረጢትና ለመለያ ወረቀት 15 ሳንቲም፣ ለማድረሻ 50 ሳንቲም፤ በድምሩ 2 ዶላር ከ65 ሳንቲም። በ4 ዶላር ስንሸጠው 1 ዶላር ከ35 ይተርፋል። የድካማችን ዋጋ ከዚሁ ውስጥ ነው። ይህ የእኛ ምሳሌ ነው፤ የእህል ዋጋ ስለሚወጣና ስለሚወርድ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ቀን ዋጋ ይጻፍ። አንዳንዱ ክፍያ በዶላር፣ ሌላው በሶማሌላንድ ሽልንግ ስለሚሆን፣ ሒሳባችሁን በአንድ ገንዘብ ብቻ ያዙ፤ የምንዛሪውንም ልክ በየዕለቱ መዝግቡ። ብዙ ሰው አተረፍኩ ሲል የሚከስረው ማድረሻውንና ምንዛሪውን ስለሚረሳ ነው።

ብዙ ሳንገዛ እንሞክር

‹‹ሳይቸግር ጤፍ ብድር›› እንደሚባለው፣ ደንበኛ ሳይኖር ተበድሮ ዕቃ ማከማቸት ራስን ማሰር ነው። እኛ የጀመርነው በ5 ኪሎ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ማስታወቂያችን ‹‹ባህላዊ የምግብ ውጤቶች›› ብለን ጻፍን፤ ማንም አልደወለም። ቀጥሎ በደብተራችን ውስጥ የነበረውን የጠያቂዎቹን ቃል ራሱን ወስደን እንዲህ አልን፦ ‹‹የአራስ አጥሚትና የገንፎ ዱቄት። ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ ተዘጋጅቷል። 1 ኪሎ 4 ዶላር። ሐርጌሳ ውስጥ ቤት ድረስ እናደርሳለን። ከውጭ አገር ለዘመድ ማዘዝ ይቻላል።›› በዚያው ሳምንት ሦስት ትእዛዝ መጣ። ዕቃው ያው ነው፤ የተለወጠው ስሙ ነው። ሰው በኢንተርኔት የሚፈልገው በገዛ አፉ በሚናገረው ቃል ነው።

ከዚያ በኋላም እህል የምንገዛው ትእዛዝ ስንቀበል ነው። ያለንን ሁሉ በዕቃ መልክ አንድ ቦታ ማስቀመጥ አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1 ቀን 2022 ሌሊት የዋሄን ገበያ ሲቃጠል የብዙ ነጋዴዎች ሀብት በአንድ ሌሊት መውደሙን የከተማው ሰው ሁሉ ያስታውሳል።

ሱቅ የሌለው ሰው ሱቁ ስሙ ነው

ገዢው ደጃፋችንን አያውቅም፤ ስለዚህ የሚያምነው ቃላችንን ነው። እኛ የምንጠብቃቸው ደንቦች የሚከተሉት ናቸው።

1. ፎቶግራፉ የራሳችን ዕቃ ይሁን፤ ከሌላ ሰው ገጽ አንውሰድ።

2. ከረጢቱ በሚዛን ይመዘን፤ የተፈጨበት ቀን ይጻፍበት።

3. ‹‹መድኃኒት ነው›› ብለን አንሽጥ። ዱቄቱ ለእናትየዋ ነው እንጂ ለጨቅላው አይደለም። ሕፃን እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ እንዲጠባ የጤና ባለሙያዎች ይመክራሉ፤ ይህንንም ለገዢው እንነግራለን።

4. ገንዘብ መግባቱን ከራሳችን ሒሳብ ላይ እናረጋግጥ፤ ገዢው በሚያሳየን መልእክት ብቻ አንመን። የምስጢር ቁጥራችንንም ለማንም አንስጥ።

5. ከውጭ የታዘዘ ዕቃ ሲደርስ፣ ተቀባይዋ ራሷ ለላከላት ሰው እንድትደውል እናድርግ። የእናትና የሕፃን ፎቶግራፍ ግን አንለጥፍ፤ የሰው ገመና ማስታወቂያ አይደለም።

6. የምግብ ሽያጭ እየሰፋ ሲሄድ ፈቃድ ሊያስፈልግ ስለሚችል፣ ከመስፋፋታችን በፊት የወረዳውን ጽሕፈት ቤት እንጠይቅ።

መታወቅ ያለበት ጉድለት

ጠባብ ገበያ ሀብታም ያደርጋል ብለን አናታልላችሁም። የከሰርነውን 39 ዶላር ለመመለስ ብቻ 29 ከረጢት መሸጥ ነበረብን፤ ይህም ወራት ፈጅቷል። በየቀኑ የሚወለድ የለም፤ አንዳንዱ ሳምንት ያለ ትእዛዝ ያልፋል። ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሁሉ ነገ አጥሚት ቢሸጥም ጠባቡ ገበያ ይጣበብና ለማናችንም አይበቃም። ስለዚህ መቅዳት የሚገባው ዕቃችንን ሳይሆን አፈላለጋችንን ነው። ልብስ ሰፊ የሆናችሁ፣ ለሠርግ የአገር ልብስ የሚያስተካክል ያጣ ሰው ስንት ጊዜ ጠየቃችሁ? የጀበና ጠያቂዎቹስ እስከ ዛሬ አግኝተዋል ወይ? እኛም በፊናችን ያቺኑ አራስ አንረሳትም፤ ልጇ ሲያድግ የፊደል ገበታ ትፈልጋለችና ለዚያ ከአሁኑ እየተዘጋጀን ነው። አንድን ደንበኛ ደግሞ ማገልገል አዲስ ከመፈለግ ይቀላል።

የዚያች እናት ልጅ በተከታዩ ወሰነ ትምህርት ክፍያው ተከፍሎለት ክፍል ገብቷል። ከቨሮቹ አሁንም በካርቶን ውስጥ ናቸው፤ አንጥላቸውም፤ ሁሉም ይገዛል ብለን እንደገና እንዳንታለል ያስታውሱናል። ዛሬ ማታ አንድ ደብተር አዘጋጁ፤ ለአንድ ወርም ሰው አጥቶ የጠየቀውን ሁሉ ጻፉበት። ከዚያ በኋላ ዕቃ ስለመግዛት እንነጋገራለን።

ቸር ይግጠመን።