ከሚኤሶ የሚወጣ ደብዳቤ

የከተማ ታሪክ ሲወራ ከአስተዳዳሪው ግቢ ይጀመራል። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት መዝገብ ቤት ነው፤ ገቢ ደብዳቤ ስመዘግብ፣ ለወጪው ቁጥር ስሰጥ። ስለዚህ የእኛ የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች፣ የበደሳም ሆነ የጭሮ፣ ነገር ሲነሳ ቀድሞ የሚታየኝ የፖስታው ከረጢት ነው። ግድግዳው ጭቃም ይሁን ብሎኬት፣ ደብዳቤ የማይደርሰው መሥሪያ ቤት ዘበኛ የተቀጠረለት ባዶ ግቢ ነው።

በእኛ አካባቢ ከግቢውም በፊት ዛፍ ነበረ። የኢቱና የሁምበና ኦሮሞ የገዳ ሸንጎ የሚቀመጥበት ኦዳ ቡልቱም ከበደሳ ብዙ አይርቅም። ሕግ የሚደነገገው እዚያ ጥላ ሥር ነበር፤ ሕጉ በቃል ስለሚያዝ ማህደርም ማህተምም አላስፈለገውም። ዛሬ ጭሮ ያለው ዩኒቨርሲቲ ስሙን የወሰደው ከዚሁ ቦታ ነው። የምኒልክ ጦር ጨርጨር የሚባለውን ይህን የእኛን ደጋ ከያዘና በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ድል አድርጎ ሐረር ከገባ በኋላ ግን አገሩ በወረቀት የሚታዘዝ ሆነ። የጨርጨር ገዥ መቀመጫም ኩኒ ነበረች።

ወረቀቱ በምን መጣ? በእግር። የድሮ መልእክተኛ ደብዳቤውን በተሰነጠቀ ዘንግ ጫፍ ሰክቶ ይዞ ይሄድ ነበር፤ ያንን ያየ ሰው የማን መልእክት እንደሆነ ሳይጠይቅ መንገድ ይለቃል። ፖስታ በደንብ የተቋቋመው በ1886 ዓ.ም. በምኒልክ አዋጅ ነው። ቴምብሮቹ ፓሪስ ታተሙ፤ በርካሾቹ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ በውዶቹ ላይ አንበሳ። ያም ሆኖ አገራችን ገና የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ስላልነበረች፣ ወደ ውጭ የሚላክ ደብዳቤ የፈረንሳይ ቴምብር ይጨመርበት ነበር። ሐረር ላይ የፈረንሳዮች ፖስታ ቤት የተከፈተው ለዚህ ነው። በጥቅምት 1901 ዓ.ም. ኅብረቱ ውስጥ ስንገባ ያ ነገር ቀረ።

ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። የጨርጨርን ተራራ አልሞከረውም፤ ቆላ ለቆላ ይዞ ሚኤሶ በምትባል ጣቢያ አልፎ ሄደ። እንግዲህ የደጋው ሰው ደብዳቤውንም፣ ለቤቱ ክዳን የሚሆነውን ቆርቆሮም ከሚኤሶ ወደ ላይ ማውጣት ነበረበት።

በ1910ዎቹ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዥ ሆነው ሲመጡ መቀመጫውን ከኩኒ አንስተው አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮን ቆረቆሩ። ሩሲያ መድፈኝነት የተማሩ፣ በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ ጄኔቭም ቆመው ለአገራቸው የተሟገቱ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ከተማ ሲመርጥ የአየሩን ጥሩነት ብቻ አይቶ ነው ብዬ አላምንም፤ አዲሱ ቦታ ለሚኤሶ ጣቢያ ይቀርባል። ከእሳቸው በኋላ ጨርጨርን ያስተዳደሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ደግሞ አገሩን ለሌሎች አርአያ የሚሆን ግዛት ለማድረግ ሠርተዋል፤ ሹሙ በደመወዝ እንዲያድር፣ ገቢና ወጪው እንዲጻፍ። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል።

ጣሊያኖች መጥተው አሰበ ተፈሪን አስባ ሊቶሪያ አሏት። በ1933 ሲባረሩ ስሙም አብሯቸው ሄደ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሥርዓት ግን ቆም ብሎ ማየት ይገባል። ሐረርጌ ጠቅላይ ግዛት ሆነ፤ ከሥሩ አውራጃ፣ ከአውራጃው ሥር ወረዳ፣ ከወረዳው ሥር ምክትል ወረዳ። በዕዝ ተዋረዱ ከሄድን፣ ከአዲስ አበባ የተጻፈ ትእዛዝ መጀመሪያ ለጠቅላይ ግዛቱ ይላካል። ባቡሩ ሚኤሶን ያልፋል፣ ድሬዳዋ ይደርሳል፣ ደብዳቤው ሐረር ይወጣል፤ እዚያ ተመዝግቦ፣ ተመርቶበት፣ አዲስ ሽኚ ደብዳቤ ተጽፎለት፣ መጀመሪያ በደጁ አልፎት ወደ ሄደው አውራጃ ይመለሳል። በደሳ ለመድረስ ደግሞ ገና ሌላ እጅ ይቀረዋል። እያንዳንዱ እጅ «ግልባጭ» ብሎ ይጨምርበታል። ሰው «መንግሥት ሩቅ ነው» ሲል በኪሎ ሜትር የሚለካው ይመስላችኋል? በማህተም ነበር የሚለካው። በ1980 ዓ.ም. ምዕራብ ሐረርጌ ራሱን ችሎ አሰበ ተፈሪ ዋና ከተማው ስትሆን፣ ለእኛ ትልቁ ለውጥ ይህ ዙሪያ መንገድ መቅረቱ ነበር።

በመሃል ሐምሌ 1967 መጥቷል። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ቀበሌ የሚባል አዲስ ቢሮ በየሰፈሩ በቀለ። ኪራዩ ከመቶ ብር በታች የሆነ የተወረሰ ቤት ሁሉ በቀበሌው እጅ ገባ። በትንሽ ከተማ መቶ ብር የሚከራይ ቤት ስንት ይገኛል? ስለዚህ ቀበሌው ከአስተዳዳሪው ይልቅ የሚፈራ አከራይ ሆነ። መታወቂያውም፣ የድጋፍ ደብዳቤውም ከዚያው ነው።

የተራ ሰው ደብዳቤስ? እኛ አገር ፖስታው ቤት ለቤት አይዞርም ነበር፤ ሣጥን ያለው በሣጥኑ ይቀበላል፣ የሌለው በሰው ሣጥን ይጠለላል። ስለዚህ ፖስታው ላይ «በትምህርት ቤቱ በኩል»፣ «በወረዳው ጽሕፈት ቤት በኩል» ተብሎ ይጻፋል። የመሥሪያ ቤታችን ተላላኪ ሣጥኑን ከፍቶ ሲመለስ፣ ከመንግሥት ደብዳቤ ጋር ጅዳ ያለች ልጅ ለእናቷ የጻፈችው ይገኝበታል። እናትየው ማንበብ ስለማትችል እዚያው ጠረጴዛዬ ፊት ተቀምጣ አነብላታለሁ። በደንቡ ሥራዬ አልነበረም። የቸኮለ ደግሞ ፖስታውን ትቶ ለጫት መኪና ሹፌር በአደራ ይሰጣል፤ ጫት ካደረ ዋጋ ስለሌለው ያንን መኪና የሚቀድመው የለም።

አሁን ጭሮ ፎቅ ሞልቶባታል፣ ብሩም በስልክ ይላካል። የመንግሥት ደብዳቤም ፎቶ ተነስቶ በቴሌግራም ቶሎ ይደርሳል። መዝገብ ቤት የተኩኝ ልጆች ግን ስልኩን አይተው «ዋናው የታለ?» ብለው ባለጉዳዩን ይመልሱታል።