«አስፒሬሽን» ስለሚባለው የሐኪሞች ቃልና ስለ ልዩ ልዩ ትርጓሜው

ከሐኪም ቤት የሚሰጠው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ የሚጻፍ ስለ ሆነ፥ ቋንቋውን ማንበብ የሚችል ሰው ሁሉ የጎረቤቱ አስተርጓሚ መሆኑ የታወቀ ነው። በነፋስ ስልክም ቢሆን እንዲህ ያለው ወረቀት ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚደርሰው ከመምህሩ እጅ ነው። አስተርጓሚውን ከሚያስቸግሩትም ቃላት አንዱ «አስፒሬሽን» የሚለው ነው። ይህ ቃል አንገቷ ላይ እብጠት በወጣባት ልጅ ወረቀት ላይ ይገኛል፤ ሲያስለው በከረመ ሕፃን ወረቀት ላይም ይገኛል፤ ፅንስ የወረደባት ሴትና ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው ሽማግሌም ያገኙታል። መምህሩ መዝገበ ቃላት ገልጦ ቢመለከት ደግሞ «ምኞት፥ ተስፋ» የሚል ፍች ይገጥመዋል፤ ይኸውም ለተጨነቀ ቤተ ሰብ የሚነገር አይደለም።

ስለዚህ በዚህ ወር የቃሉን ትርጓሜ ለመግለጽ አስበናል። ነገሩ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከትርጓሜዎቹ አንዱ ሕክምና፥ ሌላው አደጋ ስለ ሆነ፥ ሁለቱን የቀላቀለ ሰው የማያስፈራውን ይፈራል፤ የሚያስፈራውን ይንቃል።

ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን መነሻው «ወደ አንድ ነገር መተንፈስ» ማለት ነው። ሐኪሞች ግን በመሣሪያ ለሚደረግ መሳብም፥ በትንፋሽ ለሚሆን መሳብም አንዱን ስም ይሰጡታል። አዲስ ነገርን በመሰየም ረገድ የሰፈራችን ሰዎች ከላቲን ተናጋሪዎች አያንሱም፤ መልእክት ያለ ሽቦ የሚያስተላልፈው የሬዲዮ ጣቢያ በዚህ አካባቢ በተተከለ ጊዜ በነፋስ የሚሄድ ስልክ ነው ብለው ጠሩት፥ ስሙም ለአገሩ ቀረ። ለአስፒሬሽንም አማርኛ ሁለት የተለያዩ ስሞች አሉት። ሐኪሙ በመሣሪያ ሲስብ «ስቦ ማውጣት» ነው፤ የሰውየው የገዛ ትንፋሹ ባዕድ ነገር ወደ ሳንባ ሲስብ «ትንታ» ነው። እንግዲህ ወረቀት የቀረበለት ሰው ሊጠይቅ የሚገባው፥ የሳበው ማን ነው? ምንስ ተሳበ? ወዴት? ብሎ ነው።

አስቀድመን ሐኪሙ ስለሚስበው እንናገር። በአንገት ወይም በብብት የወጣ ንፍፊት አልጠፋ ሲል፥ ሐኪሙ በቀጭን መርፌ ጥቂት ሕዋሳት ስቦ በመስተዋት ላይ ይቀባና በአጉሊ መነጽር ያስመረምራል። በአገራችን ከሚመዘገቡት የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ሕሙማን ከሦስቱ አንዱ ገደማ በሽታው የሚገኝባቸው ከሳንባ ውጭ በሆነ አካል ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ የንፍፊቱ ቲቢ ብዙውን ቦታ ይይዛል። ለዚህ ምርመራ የሚያገለግለው መርፌ ለደም መቅጃ ከሚያገለግለው የማይወፍር ሲሆን ሥራው በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ሆኖም «ብረት ከነካው ይብሳል» እየተባለ እብጠቱ እስኪፈርጥ ድረስ ቤት የሚቀመጡ አሉ። በቀጭን መርፌ ምክንያት በሽታ መሠራጨቱ ከስንት አንድ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ በመዘግየት ምክንያት መሠራጨቱ ግን የዘወትር ነው።

በሑመራና በመተማ ቆላ የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ካላ አዛር የተባለው በሽታ ጣፊያን ያሳብጣል። ቻርልስ ዶኖቫን የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1903 በሕንድ አገር በማድራስ ከተማ የበሽታውን ተሕዋስያን ከአንድ በሕይወት ካለ ልጅ ጣፊያ በመርፌ ስቦ አይቷቸዋል። ይህ ዘዴ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ሲሠራበት ቆይቷል። ጣፊያ ደም የሞላበት አካል ስለ ሆነ የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል፤ አስቀድሞም የታማሚው ደም የመርጋት ኀይል ይመረመራል። ከደረት የተጠራቀመ ውኃ፥ ከጉበትም መግል የሚወጣው በዚሁ በመሳብ ነው፤ ዲዩላፉዋ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1869 ለዚህ የሚሆን መሳቢያ መሣሪያ ሠርቶ ነበር።

ፅንስ ወርዶ ቅሪት በማኅፀን ሲቀር፥ ደም እንዳይፈስና እንዳይመረቅዝ በእጅ በሚሠራ መሳቢያ ይጸዳል። በዚህ ወረቀት ላይ የሚገኘው ቃል የመሣሪያውን አሠራር ብቻ ይናገራል እንጂ ፅንሱ እንዴት እንደ ወረደ አይናገርም። አስተርጓሚው ከተጻፈው በላይ እንዳያነብ፥ ያነበበውንም ለባለቤቲቱ ብቻ እንዲነግር አደራ እንላለን።

ሌላም ትንሽ አስፒሬሽን አለ። ቀድሞ መርፌ የሚወጋው ሰው ደም ሥር አለማግኘቱን ለማወቅ መርፌውን ወደ ኋላ ጥቂት ስቦ ይመለከት ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ለክትባት ይህ እንዳያስፈልግና ሕመም ብቻ እንደሚጨምር ገልጧል። ስለዚህ ከታቢዋ ሳትስብ ብትወጋ ሥራዋን አጓደለች ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ትንታ እንሻገር፤ በዚህ ላይ ረዘም አድርገን መናገራችን ያለ ምክንያት አይደለም። በጉሮሮ ውስጥ ሁለት መንገዶች አሉ፤ ፊተኛው የአየር፥ ኋለኛው የምግብ ነው። ስንውጥ ማንቁርት ወደ ላይ ከፍ ይላል፥ እንደ ክዳን ያለች ሥጋም የአየሩን በር ትሸፍናለች፥ ትንፋሽም ለቅጽበት ይቆማል። ሰው ጎርሶ ሲስቅ ወይም ሲሮጥ፥ ሕፃንም ምግብ በአፉ ሳለ ሲያለቅስ፥ በሩ ሳይዘጋ ትንፋሽ ይሳባል፤ የጎረሰውም አብሮ ይሄዳል። ጤነኛ ዐዋቂ በሳል ይመልሰዋል። ከአራት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ግን የአየር ቧንቧው ጠባብ ነው፤ የመንጋጋ ጥርሱም ገና አልተሟላምና ቆሎን፥ ኦቾሎኒን፥ የተቆላ ሽንብራን አያደቅም። ለሚያለቅስ ሕፃን ዝም እንዲል ቆሎ ማስጨበጥ በየደጁ የሚታይ ልማድ ነው፤ መቅረት ይገባዋል።

ከማንቁርት ያለፈችው ፍሬ አብዛኛውን ጊዜ የምትወድቀው በቀኝ ሳንባ ነው፤ የቀኙ ቧንቧ ከግራው ይልቅ ሰፊ፥ አጭርና ቀጥ ያለ ነውና። መጀመሪያ ብርቱ ሳልና ማነቅ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነገር ብዙ ወላጆችን ያታለለ ነው፤ ፍሬዋ ካንድ ቦታ ስታርፍ የቧንቧው ቆዳ ይለምዳታል፥ ሳሉም ይበርዳል። ልጁ ይጫወታል። ቤተ ሰቡም «ተመስገን፥ ዋጠው» ብሎ ይረሳዋል። ፍሬዋ ግን ከውስጥ እርጥበት ጠጥታ ታብጣለች፥ የኦቾሎኒም ዘይት የቧንቧውን ቆዳ ያስቆጣዋል። ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ሳል፥ ትኩሳት፥ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ይጀምራል። ይህን ጊዜ ልጁ የሳንባ ምች ወይም አስም ያለበት መስሎ ይታከማል፤ መድኃኒቱ ሲሰጥ ይሻለዋል፥ ሲያልቅ ይመለስበታል። ራጅ ቢነሣም የባቄላና የላስቲክ ነገር ራሱ በራጅ አይታይም፤ ከኋላው ያስከተለው ጉዳት ብቻ ይታይ ይሆናል። ስለዚህ ለሐኪሙ ከራጁ የሚበልጠው «ከሦስት ሳምንት በፊት ቆሎ ሲበላ ትን ብሎት ነበር» የሚለው ያንድ ሰው ቃል ነው። ይህንንም የሚያውቀው እናት ላትሆን ትችላለች። የቤት ሠራተኛዪቱ፥ ታላቅ ወንድሙ፥ ወይም የመዋዕለ ሕፃናቱ መምህርት ልትሆን ትችላለች። ያየ ሰው ወቀሳ ፈርቶ ዝም እንዳይል፥ ወላጅም የነገረውን እንዳይቈጣ ይገባል።

እንዲህ ያለውን ነገር ሳይቀዱ ማውጣት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። ጉስታቭ ኪሊያን የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በፍራይቡርግ ከተማ የአንድ ገበሬ ሳንባ ቧንቧ ውስጥ የገባውን አጥንት በአፍ ባሳለፈው ቧንቧ መሰል መሣሪያ አወጣ። ከእርሱም በኋላ በአሜሪካ ቼቫሊየር ጃክሰን ከሕሙማን ጉሮሮና ሳንባ የወጡ 2,374 ነገሮችን አጠራቅሞ አስቀምጧል፤ ዛሬም በፊላዴልፍያ በሙተር ሙዚየም ይታያሉ፤ ቁልፍ፥ ሳንቲም፥ መርፌ ቁልፍ ሳይቀር አለባቸው። በእኛም ከተማ እንደ ጥቁር አንበሳ ባሉ ከፍተኛ ሆስፒታሎች ልጁ በማደንዘዣ ተኝቶ በዚሁ ዓይነት ይወጣለታል። ጤና ጣቢያ ወደዚያ ሲልክ ነገሩን አክብዶ ሳይሆን መሣሪያው ያለው በዚያ ስለ ሆነ ነው።

ለመምህራን አንድ ነገር እንጨምር። በእስክሪብቶ ክዳን ጫፍ ላይ የሚታየው ቀዳዳ ለጌጥ አይደለም፤ ልጅ ክዳኑን ቢስበው አየር እንዲያልፍ የተበጀ ነው። ሆኖም ቀዳዳው ጊዜ ይሰጣል እንጂ አያድንም፥ ሁሉም ክዳን ቀዳዳ የለውም። በክፍል ውስጥ ክዳን ማኘክን መከልከል ከመጽሐፍ አያያዝ ትምህርት የማያንስ ነው።

ትን ያለው ሰው ድምፅ እያወጣ የሚያስል ከሆነ ሳሉን ተዉለት፤ ውኃ አታጠጡት፥ እንጀራም አታጉርሱት። ድምፁ ከጠፋ፥ ከንፈሩም ከጠቆረ ግን አትዘግዩ። ወደ ፊት ጎንበስ አድርጋችሁ በትከሻዎቹ መካከል በመዳፍ አምስት ጊዜ ምቱ፤ ካልወጣ ከኋላው ቆማችሁ ከእምብርቱ በላይ በጡጫ ወደ ውስጥና ወደ ላይ አምስት ጊዜ ጫኑ፤ እያፈራረቃችሁም ድገሙ። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ሆዱ አይጫንም፤ ራሱን ዝቅ አድርጋችሁ በክንዳችሁ ላይ በደረቱ አስተኝታችሁ ጀርባውን አምስት ጊዜ ምቱ፥ ከዚያም ገልብጣችሁ የደረቱን መካከል አምስት ጊዜ ጫኑ። የማይታይ ነገር በጣት አትፈልጉ፥ ወደ ውስጥ ይገፋልና። አንድ ሰው ይህን ሲያደርግ ሌላው ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይደውል።

ፈሳሽም እንደ ፍሬ ይሳባል። ነጭ ጋዝ በለስላሳ ጠርሙስ ማስቀመጥ በሽታን መጥራት ነው። ሕፃን ቢጠጣው የሚገድለው በሆዱ የገባው ሳይሆን በሳንባው የተሳበው ነው፤ ስለዚህ ጣት ከትቶ ወይም ወተት አጠጥቶ ማስታወክ ነገሩን ያብሳል፥ ሲያስታውክ ጋዙ ሁለተኛ በማንቁርት ያልፋልና። ሳያስታውኩ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ብቻ ነው። አፍንጫውን ይዞ የሚያለቅስ ሕፃን መጋትም እንዲሁ ነው፤ መድኃኒትም ቢሆን። ለጨቅላ ቅቤ ማላስ በብዙ አገር የሚወደድ የቆየ ልማድ መሆኑን እናውቃለን፤ ነገር ግን ስብ የሳልን ስሜት ስለማይቀሰቅስ ሳይታወቅ ወደ ሳንባ ይንሸራተታል፥ ከዚያም የሚያስወጣው የለም። ጨቅላ እስከ ስድስት ወር የእናቱ ጡት ይበቃዋል።

በሚጥል በሽታ የወደቀ ተማሪ ክብሪት ጭሮ ማሽተት፥ ማንኪያ በጥርሱ መካከል መክተት፥ ውኃ በአፉ ማፍሰስ የተለመደ ሆኗል። ምራቁና ትውከቱ ወደ ሳንባው እንዳይሳብ የሚጠቅመው በጎኑ ማስተኛት ነው። ጠጥቶ ራሱን የሳተም ሰው እንደዚሁ።

የቀረን የቀዶ ሕክምናው ጉዳይ ነው። ከርቲስ ሜንደልሰን የተባለ የኒው ዮርክ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1946 ባወጣው ጽሑፍ፥ 44,016 ወላዶችን መርምሮ በ66ቱ ላይ በማደንዘዣ ጊዜ የሆዳቸው ነገር ወደ ሳንባቸው መሳቡን ገልጧል። የሆድ ፈሳሽ እንደ አሲድ የሚያቃጥል ነው፤ ማደንዘዣ ደግሞ ያን የማንቁርት ክዳንና ሳልን ያስተኛቸዋል። ከቀዶ ሕክምና በፊት ጹም የሚባለው ስለዚህ ነው፤ ለጠጣር ምግብ ቢያንስ ስድስት ሰዓት፥ ቅባት ለበዛበት ስምንት ሰዓት፥ ለጡት ወተት አራት ሰዓት፥ ለንጹሕ ውኃ ሁለት ሰዓት ነው፤ ሐኪሙ ከዚህ የበለጠ ቢያዝ ግን ያዘዘውን ማክበር ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ጾምን የምናውቅ ሕዝብ ብንሆንም በዚህ ላይ የምንፈተነው በፍቅር ነው። ዘመድ ሌሊቱን መጥቶ፥ «ባዶ ሆዱን እንዴት ይችለዋል» ብሎ ከፌስታል አውጥቶ አንድ ጉርሻ ያጎርሰዋል፤ ጠዋት ሲጠየቁም ቀጠሮው እንዳይታለፍ ፈርተው «ምንም አልቀመሰም» ይላሉ። የበላ ታማሚ ቀኑ ይተላለፍለታል እንጂ ሌላ አይደርስበትም፤ በልቶ አልበላሁም ያለው ግን ጉርሻውን በሳንባው ሊያገኘው ይችላል። አስታማሚ ሆኖ ያደረ ሰው ለማደንዘዣ ባለ ሙያው የመጨረሻውን ምግብ ብቻ ሳይሆን የመጨረሻውን ጉንጭ ውኃ፥ ሻይና ቡና ጭምር ከነሰዓቱ ይንገረው።