ጓሮ ያሳደገው ኮሰረት

ቅቤ ሲነጠር ድስት ውስጥ የሚገባው ኮሰረት ዱር የቀረ ዘመድ አለው። ዘመዱ በቁጥቋጦ መካከልና በተራራ ግርጌ ራሱን ችሎ ይበቅላል፤ በብዙ ቦታ ከሴ ይሉታል። ኮሰረት ግን ከቤት ጀርባ፣ ከጌሾውና ከጤና አዳሙ ጎን ተተክሎ በሰው እጅ ይኖራል። የዕፅዋት ሳይንስ ሁለቱንም ሊፒያ አዶኤንሲስ በተባለ አንድ ዝርያ ሥር ይመድባቸዋል። ታዋቂው የዕፅዋት ሊቅ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ደግሞ የጓሮውን ለብቻው ለይተው፣ አገሬው በሚጠራው ስም ኮሰረት ብለው በሳይንስ መዝገብ አስፍረውታል።

ሁለቱን አጥብቆ የሚለያቸው ሽታቸው ነው። በጓሮው ኮሰረት ዘይት ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚበዛው ሊናሎል የተባለ ውህድ ሲሆን፣ ለድንብላል ፍሬ መዓዛ የሚሰጠውም ይኸው ነው። በዱሩ ዘይት ውስጥ ግን የሚያይሉት ሌሎች ውህዶች ናቸው። ልዩነቱን ለማምጣት ቤተ ሙከራ አላስፈለገም። ሽታው ደስ ያላትን ተክል እየመረጠች ወደ ደጇ ያመጣች፣ ከዚያም ለጎረቤቷና ለልጇ ዝንጣፊ የሰጠች ባለሙያ ሴት ሥራውን ሠርታዋለች። የምንወደውን ተክል መርጠን በጓሮ ስናኖር በተክሉ ዕጣ ላይ እንወስናለን፤ ተክሉም በበኩሉ እኛ ላይ የሚሠራው ነገር አለ።

ሽታው የተሠራው ለማን ነው?

የበሶብላን ቅጠል በጣትዎ አሸት ያድርጉት። በቅጠሉ ገጽ ላይ ዓይን በቀላሉ የማያያቸው ዘይት የቋጠሩ ጥቃቅን ዕጢዎች አሉ፤ ሲነኩ ይፈነዱና ዘይቱ በአየር ላይ ይተናል። ተክል ከጠላቱ ሮጦ አያመልጥም፤ ስለዚህ የሚከላከለው በኬሚስትሪ ነው። ቅጠል የሚበሉ ነፍሳትን፣ ሻጋታንና ባክቴሪያን የሚያርቁ ውህዶችን ያመርታል። ለአበባው ደግሞ ንብ የሚጠሩ ሌሎች ሽታዎችን ያዘጋጃል። በአጭሩ እኛ ወጥ የምናጣፍጥበት ነገር ለትል የተዘጋጀ መርዝ ነው። በመጠን ስለምንወስደውና ጉበታችን ብዙውን ስለሚያስወግድልን ለእኛ መዓዛ ሆነ።

አንዳንዱ መከላከያ ግን ለሰውም አይመለስም። ቡና ላይ ጣል የምናደርገው ጤና አዳም ፉራኖኩማሪን የተባሉ ውህዶች አሉት። ጭማቂው ቆዳን ነክቶ ወዲያው ፀሐይ ካገኘው፣ በቀን በሁለት ቀን ውስጥ ቆዳው ሊቀላና ውሃ ሊቋጥር ይችላል። ስለዚህ ቁጥቋጦውን የሚከረክም ሰው ጓንት ቢያደርግ፣ ከሥራው በኋላም እጁን በሳሙና ቢታጠብ ይበጀዋል። በተለይ ልጆች በጠራራ ፀሐይ ቅጠሉን እያሻሹ እንዳይጫወቱበት መጠንቀቅ ይገባል።

ተክል መሰብሰብ የጀመረ ሰው ቀስ በቀስ ዝምድናን መለየት ይማራል። በሶብላ፣ ዳማ ከሴ፣ ናና፣ ጦስኝና የጥብስ ቅጠል ሁሉም የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው። የለጋ ግንዳቸውን በሁለት ጣት ይዘው ቢያንከባልሉት አራት ማዕዘን መሆኑ ይታወቃል። ቅጠሎቻቸውም ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይበቅላሉ። ይህን አንዴ ያስተዋለ ሰው መንገድ ዳር የሚያየውን ሁሉ ግንዱን መዳበስ ይጀምራል።

ደስታው ከየት ይመጣል?

የምናየውና የምንሰማው ነገር ወደ አንጎል ሲገባ በቅድሚያ ታላመስ በተባለው የአንጎል ክፍል በኩል ያልፋል። ሽታ መንገዱ ሌላ ነው። ከአፍንጫ ተነስቶ፣ ስሜትና ትዝታ ወደሚስተናገዱባቸው የአንጎል ክፍሎች በአጭሩ ይደርሳል። የአሪቲ ወይም የጠጅ ሳር ሽታ ሳናስበው የበዓል ዋዜማን የሚያስታውሰን አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አፍንጫ ሽታን በምን ዓይነት ተቀባዮች እንደሚለይ ያሳዩት ሪቻርድ አክስልና ሊንዳ በክ እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

አረንጓዴ ነገር ማየት ብቻውን ምን ያደርጋል የሚለውን ጥያቄ ሮጀር ኡልሪክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ፈትሾታል። በፔንሲልቫኒያ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን የ46 ሰዎች መዝገብ አገላበጠ። ግማሾቹ በመስኮታቸው ዛፍ የሚያዩ፣ ግማሾቹ ደግሞ የጡብ ግድግዳ የሚያዩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው ውጤት መሠረት ዛፍ ያዩት በአማካይ ትንሽ ቀደም ብለው ከሆስፒታል ወጥተዋል፤ ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ወስደዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ኔዘርላንድስ ውስጥ 30 አትክልተኞች መጀመሪያ አስጨናቂ ሥራ እንዲሠሩ ተደረገ። ከዚያ ገሚሱ ለግማሽ ሰዓት አትክልት ሲንከባከብ ገሚሱ መጽሐፍ አነበበ። ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን በሁለቱም ወገን ቢቀንስም፣ አትክልት በያዙት ላይ ይበልጥ ወርዷል። እነዚህ ትንንሽ ጥናቶች ናቸው፤ ጓሮ ሐኪም ነው ለማለት አያበቁም። ከሥራ መልስ ውሃ ማጠጫ የሚያነሳ ሰው የሚናገረው እፎይታ ግን የምናብ ብቻ እንዳልሆነ ይጠቁማሉ።

ዝንጣፊና ዘር

ከጎረቤት የተለመነ የኮሰረት ዝንጣፊ እንዴት ሥር ያወጣል? ኦክሲን የተባለው የዕድገት ሆርሞን ከጫፍ ቅጠሎች እየተመረተ በግንዱ ወደ ታች ይወርዳል። ግንዱ ሲቆረጥ መውረጃ ያጣና ከቁስሉ በላይ ይጠራቀማል፤ እዚያ ያሉት ሴሎችም ሥር ወደ መሆን ይዞራሉ። በዚህ ምክንያት ዝንጣፊን ከአንጓ ዝቅ ብሎ መቁረጥ፣ ላይ ጥቂት ቅጠል ብቻ ትቶ የታችኛውን ማራገፍ ያስፈልጋል። ሥር ሳይኖረው ውሃ መሳብ ስለማይችል ቅጠል ከበዛበት ይደርቃል። እስኪይዝ ድረስ ጥላ ሥር ቢቀመጥና አፈሩ ሳይጨቀይ እርጥበቱ ቢጠበቅለት ይበቃዋል።

በዝንጣፊ የተገኘው ተክል የእናቱ ግልባጭ ነው፤ የወደዱት ሽታ ሳይለወጥ ይቀጥላል። ዘር ግን ዕጣ እንደ አዲስ ይጥላል። ንብ ከሌላ ጓሮ ያመጣችው የአበባ ዱቄት ስለሚገባበት፣ ከአንድ በሶብላ ዘር የበቀሉ ወንድማማቾች በመዓዛና በቅጠል ስፋት ሊለያዩ ይችላሉ። በየዓመቱ ከሚወዱት ተክል ብቻ ዘር የሚይዝ ሰው፣ ሳያውቀው ኮሰረትን ለጓሮ ያበቃውን ምርጫ እየደገመ ነው።

የደቡቡ ትልቅ ስብስብ

ይህን ምርጫ እንደ እንሰት ገበሬ የተካነበት የለም። ዱር በቀል እንሰት በሌሎች የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ አገሮችም ይገኛል፤ ለምግብ ያለማው ግን የኢትዮጵያ ሕዝብ ነው። ዛሬ 20 ሚሊዮን ገደማ ሰው ይመገበዋል። እንሰት በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል። ስለዚህ ገበሬው አበባ አይጠብቅም። የወጣት እንሰት ሥረ ግንድ ላይ ያለውን የማደጊያ ጫፍ ጎርጉሮ ያወጣና ከፍግ ጋር ይቀብረዋል። መሪው ጫፍ ሲወገድ ተኝተው የነበሩ እምቡጦች ይነቁና ከአንዱ ግንድ በርካታ ችግኞች ይፈላሉ።

በሲዳማ፣ በጉራጌ፣ በጌዴኦ፣ በወላይታና በከፋ ጓሮዎች አንድ ቤተሰብ የተለያዩ የእንሰት ዓይነቶችን በስም እየለየ ያሳድጋል። አንዱ ለቆጮ፣ አንዱ ለቡላ፣ ሌላው ሥሩ ተቀቅሎ ለመበላት፣ ሌላው ለቃጫ፣ ሌላውም ለተሰበረ አጥንት ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል። ይህ ብዛት ዋስትናም ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በሳይንስ ጽሑፍ የተመዘገበው የእንሰት አጠውላጊ ባክቴሪያ ሁሉንም ዓይነቶች እኩል አይጎዳም፤ አንዳንዶቹ ይቋቋሙታል። ጓሮው አንድ ዓይነት ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ በሽታ ቤተሰብ ያስርብ ነበር። እንሰትን፣ ቡናንና ዛፍን አንድ ላይ የሚያለማው የጌዴኦ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1976 ያቋቋመችው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት በሚል ስም የሚታወቀው ተቋም የስንዴ፣ የገብስና የጤፍ ዘሮችን በቅዝቃዜ ያቆያል። በዝንጣፊ ወይም በችግኝ የሚተላለፍ ተክል ግን ዘሩን በማድረቅ ጠባዩ አይጠበቅም፤ በሕይወት እንዳለ መሬት ላይ መኖር አለበት። ለእንዲህ ዓይነቱ ተክል ዋናው ጎተራ የሰዎች ጓሮ ነው።

ውበት ሲያጠፋ

የወደዱት ሁሉ ግን አይተከልም። የኮሰረት የሩቅ ዘመድ የሆነው የወፍ ቆሎ ከሞቃታማው አሜሪካ ለአጥርና ለጌጥ ተብሎ መጣ። ፍሬውን ወፎች በልተው ዘሩን በየቦታው በተኑት፤ ዛሬ የግጦሽ መሬት እየወረረ ከብት የሚመርዝ ቁጥቋጦ ሆኗል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጣናን ያስጨነቀው እምቦጭም ከደቡብ አሜሪካ ተነስቶ ዓለምን ያዳረሰው በአበባው ውበት ነው። እንግዳ ተክል ከማስገባትዎ በፊት ከአጥርዎ ውጭ በራሱ ይዛመት እንደሆነ ይጠይቁ። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖችም በሶብላንና ኮሰረትን በማሰሮ ተክለው ውርጭ ሳይመጣ ወደ ቤት ማስገባት ይችላሉ። ዝንጣፊ በሻንጣ ይዞ ድንበር መሻገር ግን ተባይና በሽታ ስለሚያሻግር በብዙ አገሮች ያለ ፈቃድ የተከለከለ ነው፤ እዚያው አገር የሚገኘውን መፈለግ ይሻላል።

ስብስብ ለመጀመር ሰፊ ግቢ አያስፈልግም፤ ፀሐይ የሚያገኝ በረንዳና የተቀደደ ጀሪካን ይበቃሉ። በሰፈርዎ ጓሮ ወዳላቸው ትልቅ እናት ይሂዱና አንድ ዝንጣፊ ይለምኑ። ስሙን፣ የመጣበትን አገርና የሚውልበትን ነገር ጠይቀው ይጻፉ። ከጸደቀልዎ በኋላ ደግሞ ቢያንስ ለሁለት ሰው ያካፍሉ፤ በአንድ ጓሮ ብቻ የቀረ ተክል በአንድ ደረቅ በጋ ሊጠፋ ይችላል።