ጩኸትም ገበያ አለው

ከመካነ ሰላም ተነስቶ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ስታዲየም ገብቶ ለማየት የአውቶቡስ፣ የአልጋና የምግብ ወጪ አለ። ዲሽ የተከለ ቤት ገበያ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ደንበኛው ታዲያ የሚከፍለው ለምስሉ ብቻ አይደለም፤ አብሮ ለመጮህም ነው።

ጩኸት ዋጋ እንዳለው በ2012 ዓ.ም. ታይቷል። በኮሮና ሳቢያ የእንግሊዝ ሊግ በባዶ ስታዲየም ሲካሄድ፣ ስካይ ቴሌቪዥን የተመልካች ድምፅ ያመጣው ከፊፋ ቪዲዮ ጌም ነበር። የአሜሪካ ቤዝቦልም ከሶኒ ጌም ወሰደ። ድሮ ከስታዲየም የሚቀዳው ጌሙ ነበር!

በ2013 ዓ.ም. የእኛ ሊግ የስርጭት መብት ለአምስት ዓመት ለዲኤስቲቪ ተሸጠ። ጨዋታዎቹም በዚያ ዓመት በተመረጡ ከተሞች፣ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ፣ በዙር ተካሄዱ። ክለቦች የስርጭት ገንዘብ አገኙ፤ ተራ ያልደረሳቸው ከተሞች ሆቴሎችና ቆሎ ሻጮች ግን የጨዋታ ቀን ገበያቸውን አጡ።